አትክልትና ፍራፍሬ በቤት ውስጥ ማድረቅ፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ቲማቲም የሚረክስበት፣ ማንጎ በየመንገዱ ዳር የሚከመርበት ሰሞን አጭር ነው። እነዚህ መልሶች ያንን ሰሞን ተጠቅመው ለጾም፣ ለክረምትና ለመንገድ ስንቅ ማቆየት ለሚፈልጉ የተዘጋጁ ናቸው። ሙቀቱ በዲግሪ ሴንቲግሬድ፣ የቀኑ ሰዓት በኢትዮጵያ አቆጣጠር ነው።

ምግብ ሲደርቅ የማይበላሸው ለምንድን ነው?

ሻጋታም ሆነ ባክቴሪያ ለመራባት ውኃ ይፈልጋል። ትኩስ ቲማቲም ከክብደቱ 94 በመቶ ገደማ ውኃ ነው፤ ካሮት 88፣ የማንጎ ሥጋ 83 በመቶ አካባቢ። አትክልት ውኃው ወደ 10 በመቶ ወይም ከዚያ በታች፣ ፍራፍሬ ደግሞ ወደ 20 በመቶ ሲወርድ እነዚህ ነገሮች መራባት ያቅታቸዋል። ፍራፍሬ ትንሽ እርጥብ ሆኖም የሚቆየው ስኳሩና ኮምጣጣነቱ ስለሚያግዙት ነው።

ማድረቅ ጀርሞችን እንዳይራቡ ያግዳል እንጂ አይገድላቸውም። በቆሸሸ እጅ የተከተፈ ማንጎ ከደረቀም በኋላ ቆሻሻውን ይዞ ይቆያል፤ ሳይበስል የሚበላ መሆኑ ደግሞ ነገሩን ያከብደዋል። እጅ፣ ቢላና መክተፊያ በሳሙና ይታጠቡ። ፍሬውም ከመላጡ በፊት በንጹሕ ውኃ ይታጠብ።

ዋናው ሙቀቱ ነው ወይስ ነፋሱ?

ሁለቱም ያስፈልጋሉ፤ የሚዘነጋው ግን ነፋሱ ነው። ሙቀት ውኃውን ከፍሬው ያወጣል። የወጣውን እርጥበት ጠርጎ የሚወስድ አየር ከሌለ ግን እዚያው ታፍኖ ይቀራል፤ ፍሬውም ይቆመጥጣል። ላስቲክ ተደፍቶበት ፀሐይ ላይ የዋለ ቲማቲም በሁለተኛው ቀን የሚሸተው ለዚህ ነው። ከታች ስለ ትሪ፣ ስለ ሳጥንና ስለ ኦቭን በር የተጻፈው ሁሉ ይህን አየር ለማስገኘት ነው።

የምኖርበት ከተማ ለማስጣት ይመቻል?

ፍራፍሬን በግልጥ ፀሐይ ለማድረቅ የቀኑ ሙቀት 30 ዲግሪና ከዚያ በላይ፣ የአየሩ እርጥበት ከ60 በመቶ በታች ቢሆን ይመረጣል። ድሬዳዋ፣ መተሐራና ሁመራ በበጋ ይህን በቀላሉ ያሟላሉ። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል 2,300 ሜትር ገደማ ከፍ ያለች በመሆኗ የበጋ ቀኗ ከ25 ዲግሪ ብዙም አያልፍም። አየሯ ደረቅ፣ ፀሐይዋ ብርቱ ስለሆነ በርበሬ፣ በስሱ የተከተፈ ሽንኩርት፣ ዝንጅብልና ቅጠላ ቅጠል በደንብ ይደርቁባታል። ማንጎ፣ ሙዝና ቲማቲም ግን ሳይደርቁ የመቆምጠጥ ዕድላቸው ሰፊ ነው፤ ለእነርሱ የፀሐይ ሳጥን፣ ኦቭን ወይም የኤሌክትሪክ ማድረቂያ ያስፈልጋል።

ምርጡ ወቅት ከጥቅምት አጋማሽ እስከ ጥር መጨረሻ ነው። በልግ በሚዘንብበት አካባቢ ከየካቲት በኋላ ደመና እየታየ ነው የሚሰጣው። ከሰኔ እስከ መስከረም አጋማሽ ዝናብ ባለበት አገር ግን ውጭ ማስጣት ምርት ማባከን ነው።

ስጡ ጤዛው ከረገፈ በኋላ፣ 3 ሰዓት ላይ ወጥቶ 10 ሰዓት ተኩል ላይ ይግባ። ውጭ ያደረ ስጥ ቀን የለቀቀውን እርጥበት ሌሊት መልሶ ይጠጣል። ቤት ሲገባም እንደተዘረጋ ይደር፤ ከተከመረ ይሞቅና ይሻግታል።

በውጭ አገር ለምትኖሩ፦ በዱባይም ሆነ በጂዳ ሙቀቱ 40 ዲግሪ ቢደርስም የባሕሩ ወበቅ ስጡን ያዘገየዋል፤ እዚያ ቤት ውስጥ በኤሌክትሪክ ማድረቁ ይሻላል። የአውሮፓ ሰሜንም ለፀሐይ ማስጣት አይሆንም።

ምን ላይ ላስጣ?

ሰፌድና ሰሌን ለዛላ በርበሬና ለቅጠል ጥሩ ናቸው፤ አየር ከሥር ያሳልፋሉ። ጭማቂ ያለው ነገር ግን ስንደዶው ውስጥ ይሰርግና በደንብ ሊታጠብ የማይችል የሻጋታ ጎጆ ይሆናል። ለማንጎ፣ ለቲማቲምና ለሙዝ በእንጨት ፍሬም የተወጠረ፣ ለምግብ የሚሆን የፕላስቲክ መረብ ወይም የማይዝግ ብረት ወንፊት ይጠቀሙ። ትሪው በድንጋይ ወይም በበርጩማ ከመሬት ቢያንስ 30 ሴንቲ ሜትር ከፍ ይበል።

እነዚህ ግን አይሆኑም። ዚንክ የተቀባ ሽቦ፣ የጣሪያ ቆርቆሮና መዳብ ከፍሬው አሲድ ጋር ስለሚዋሐዱ ጣዕሙን ያበላሻሉ፣ ብረቱም ወደ ምግቡ ይገባል። የአስፋልት ዳር የመኪና ዘይት፣ የጎማ ብናኝና ፋንድያ ያለበት ነው። ማዳበሪያ የነበረበት ከረጢት ቢታጠብም ለምግብ አይሆንም።

ለዝንብ መከላከያ የሚሆነው ሻሽ ነው፤ ፍሬውን ሳይነካ ከ5 እስከ 10 ሴንቲ ሜትር ከፍ ብሎ ይወጠር። ከጤና ጣቢያ የሚሰጠውን የወባ አጎበር በፍጹም አያልብሱበት። አጎበሩ በፀረ ነፍሳት ኬሚካል የተነከረ ነው።

በምን ያህል ውፍረት ልክተፍ?

ማንጎ፣ ሙዝ፣ ፓፓያና አናናስ 5 ወይም 6 ሚሊ ሜትር። ቲማቲም 8 እስከ 10 ሚሊ ሜትር፣ ትንንሹ ለሁለት ተከፍሎ ፍሬው ተጨምቆ ይወጣል። ካሮት፣ ቀይ ሥርና ድንች 3፣ ቀይ ሽንኩርት ከ3 እስከ 5፣ ነጭ ሽንኩርት 2 ወይም 3 ሚሊ ሜትር። ዝንጅብል በጭረቱ አግድም 3 ሚሊ ሜትር ሆኖ ይቆረጥ፤ በቁመቱ ከተቆረጠ ውኃውን ለመልቀቅ ይዘገያል።

ከውፍረቱ ይልቅ የሚያሳስበው እኩልነቱ ነው። አንዱ 4፣ ሌላው 9 ሚሊ ሜትር ከሆነ ቀጭኑ ሲሰባበር ወፍራሙ ገና እርጥብ ነው፤ አብረው ጠርሙስ ሲገቡም ያ አንድ ወፍራም ቁራጭ ሁሉንም ያሻግታል።

በፈላ ውኃ መንከር ግዴታ ነው?

ለአንዳንዱ አዎ። አትክልት ከተቆረጠ በኋላም በውስጡ ያሉት ኢንዛይሞች ሥራቸውን አያቆሙም፤ ቀለሙን ያጠቁራሉ፣ ከወራት በኋላም የድርቆሽ ሣር ሽታ ያመጡበታል። አጭር ፍላት ያቆማቸዋል።

ለግማሽ ኪሎ አትክልት 4 ሊትር ያህል ውኃ በኃይል ይፍላ። ጎመን 2 ደቂቃ፣ ጥቅል ጎመንና ፎሶሊያ 3፣ ካሮት ከ3 እስከ 4፣ ድንች ከ5 እስከ 6 ደቂቃ ይቆያሉ። በአዲስ አበባ ከፍታ ውኃ 92 ዲግሪ አካባቢ ስለሚፈላ በደጋ ለሁሉም 1 ደቂቃ ይጨምሩ። ሲወጣ ወዲያው ቀዝቃዛ ውኃ ውስጥ ይግባ፣ ይጠንፈፍ፣ ይደርደር። ቀይ ሥር ግን ሙሉውን ተቀቅሎ ከበሰለ በኋላ ነው የሚላጠውና የሚከተፈው።

ሽንኩርቶች፣ ቃሪያ፣ በርበሬ፣ ቲማቲም፣ ዝንጅብልና እንጉዳይ ፍላት አያስፈልጋቸውም።

ሙዝና ፖም እንዳይጠቁሩ ምን ላድርግ?

የሎሚ ጭማቂና ውኃ እኩል በእኩል ቀላቅለው ቁራጮቹን እስከ 10 ደቂቃ ይንከሩ፤ ከዚያ ካለፈ ኮምጣጣነቱ ይበዛል። ሎሚ ሲወደድ የቫይታሚን ሲ እንክብል ይተካዋል፦ ባለ 500 ሚሊ ግራም 6 ፍሬ ተፈጭቶ በግማሽ ሊትር ውኃ፣ ለ3 እስከ 5 ደቂቃ። ለጨንቻ ፖም፣ ለኮክና ለአርባ ምንጭ ሙዝ ይህ ልዩነቱ በዓይን ይታያል። ማንጎና አናናስ ያለዚህም ቀለማቸውን ይጠብቃሉ።

የሱቅ የደረቁ ፍራፍሬዎች የሚያበሩት ብዙ ጊዜ በሰልፈር ስለሚታጠኑ ነው። ቤት ውስጥ አይሞከር፤ ጭሱ መርዛማ ነው፣ የአስም ሕመምተኛንም ይጎዳል።

በኦቭን እንዴት ይደርቃል?

በመጀመሪያ የኦቭንዎን ትንሹን ሙቀት ይወቁ። አትክልት 55፣ ፍራፍሬ 60 ዲግሪ ይበቃዋል፤ ከ70 በላይ ከሆነ እያበሰሉት እንጂ እያደረቁት አይደለም። በመቆጣጠሪያው ላይ የተጻፈው ቁጥር ከእውነተኛው በብዙ ዲግሪ ሊለይ ስለሚችል የኦቭን ቴርሞ ሜትር መግዛት ያዋጣል። ዝቅተኛው 100 የሆነ ኦቭን፣ በተለይ የጋዝ፣ ለዚህ ሥራ አይሆንም።

በሩ በእንጨት ማንኪያ ከ5 እስከ 10 ሴንቲ ሜትር ክፍት ይሁን፤ እርጥበቱ የሚወጣው በዚያ ነው። ማራገቢያ የሌለው ኦቭን ከሆነ በበሩ በኩል ትንሽ ቬንትሌተር ያቁሙ። በትሪዎቹ መካከል ቢያንስ 5 ሴንቲ ሜትር ክፍተት ይተዉ፣ በየ2 ሰዓቱም ቦታ ያቀያይሯቸው። ሽንኩርት ከ6 እስከ 10፣ ማንጎ፣ ሙዝና ቲማቲም ከ8 እስከ 12 ሰዓት ሊወስዱ ይችላሉ። በኦቭን ከማድረቂያ መሣሪያ የበለጠ ጊዜ መውሰዱ የተለመደ ነው። ትንንሽ ልጆች ባሉበት ቤት የተከፈተው በር አደጋ ስለሆነ ሰው አይለየው።

መብራት ቢጠፋስ? ለ2 እና 3 ሰዓት ከሆነ በሩን ሙሉ በሙሉ ከፍተው ይተዉት። ሊረዝም ከሆነና ፍሬው ገና ጭማቂ ካለው ፀሐይ ካለ ያስጡት፤ ሌሊት ከሆነ ቀዝቃዛ ነፋሻ ቦታ ይዘርጉት፣ በማግሥቱም ሽታውን አይተው ይቀጥሉ። ከቆመጠጠ መመለሻ የለውም።

በእንጀራ ምጣድስ?

ምጣድ እንጀራ ሲጋገርበት ከ200 ዲግሪ ስለሚያልፍ ለማድረቅ አይሆንም። እጅ ሳይቃጠል ለረጅም ጊዜ የሚያርፍበት እስኪሆን ከበረደ በኋላ ግን ቀድሞ የደረቀ በርበሬን ወይም ዝንጅብልን ወፍጮ ቤት ከመሄዱ በፊት ለማጠናቀቅ ይረዳል።

የፀሐይ ማድረቂያ ሳጥን ራሴ መሥራት እችላለሁ?

ይችላሉ፤ ለደጋ ነዋሪ ከዚህ የተሻለ ገንዘብ የሚቆጥብ ነገር የለም። ወለሉ 1 ሜትር በ60 ሴንቲ ሜትር የሆነ የእንጨት ሳጥን ያሠሩ። የፊቱ ግድግዳ 20፣ የኋላው 35 ሴንቲ ሜትር ከፍታ ይኑረው፤ በዚህ ክዳኑ ወደ 15 ዲግሪ ያጋድላል። ክዳኑ መስታወት ወይም ብርሃን የሚያሳልፍ ጠንካራ ላስቲክ ይሆናል። ወለሉ ላይ ጥቁር የተቀባ ቆርቆሮ ይነጠፍ፤ ቀለሙ ሳምንት ያህል ፀሐይ ላይ ውሎ ሽታው እስኪጠፋ ምግብ አይግባበት። ትሪው ከወለሉ 10 ሴንቲ ሜትር ከፍ ብሎ በሁለት ዘንግ ላይ ያርፋል።

ሳጥኑን ሳጥን የሚያደርገው ቀዳዳው ነው። በፊት ግድግዳው ግርጌ ከ6 እስከ 8፣ በኋላ ግድግዳው አናት ደግሞ ያንኑ ያህል፣ እያንዳንዱ 3 ሴንቲ ሜትር ስፋት ያለው ቀዳዳ ይብሱና በወንፊት ሽቦ ይሸፍኑ። ቀዝቃዛው አየር ከታች ገብቶ በጥቁሩ ቆርቆሮ ይሞቃል፣ በፍሬው መካከል አልፎ እርጥበቱን ይዞ ከላይ ይወጣል። በመስታወቱ ውስጥ ጤዛ ከታየ ቀዳዳው አንሷል። ሙቀቱ ከ65 ካለፈም የኋላውን ይጨምሩ ወይም ክዳኑን በቀጭን እንጨት ከፈት ያድርጉት።

በበጋ ወራት ፀሐይ በደቡብ በኩል ስለምታዘነብል የሳጥኑ ፊት ወደ ደቡብ ይዙር። ይህ መጠን በአንድ ጊዜ ከ2 እስከ 2.5 ኪሎ የተከተፈ ማንጎ ይይዛል። ከዚያ በላይ ደራርቦ መሙላት የተለመደው ስህተት ነው፤ ቁራጮቹ መነካካት የለባቸውም።

የኤሌክትሪክ ማድረቂያ ስገዛ ምን ልይ?

ሙቀቱ ከ35 እስከ 70 ዲግሪ የሚስተካከል፣ ማራገቢያው ከኋላ ሆኖ በሁሉም ትሪ ላይ እኩል የሚነፍስ ይምረጡ። ከሥር የሚነፍሰው ይረክሳል፣ ግን ትሪዎቹን ደጋግሞ ማቀያየር ይጠይቃል። 500 ዋት የሚስብ መሣሪያ 10 ሰዓት ቢሠራ ቢበዛ 5 ኪሎ ዋት ሰዓት ይቆጥራል። ከአሜሪካ በዘመድ የሚላከው ብዙ ጊዜ 120 ቮልት ነው፤ ያለ ትራንስፎርመር 220 ላይ ከተሰካ ይቃጠላል። ከመሰካትዎ በፊት ከሥሩ ያለውን ጽሑፍ ያንብቡ።

መድረቁን በምን አውቃለሁ?

ሁልጊዜ አንድ ቁራጭ አውጥተው 10 ደቂቃ አቀዝቅዘው ይፈትኑ፤ ትኩስ ነገር ሁሉ ለስላሳ ስለሚመስል ያታልላል። ፍራፍሬ ሲታጠፍ አይሰበርም፣ ተቀዶ ሲጨመቅ ግን አንዲት ጠብታ አያወጣም፣ ሁለት ቁራጭም ተጣብቆ አይቀርም። አትክልት ቀጭ ብሎ መሰበር አለበት። ሽንኩርት በጣት ሲታሽ ይደቅቃል።

ከጣት የበለጠ የሚታመነው ሚዛን ነው። ተልጦ የተከተፈውን ከመደርደርዎ በፊት ይመዝኑና ይጻፉት። ከ1 ኪሎ ቲማቲም 60 ግራም ገደማ ይቀራል፤ ከቀይ ሽንኩርት 115፣ ከካሮት 130፣ ከፓፓያ 145፣ ከአናናስ 170፣ ከማንጎ 200፣ ከዝንጅብል 230፣ ከሙዝ 300 ግራም። ነጭ ሽንኩርት ከሁሉም ይለያል፤ ውኃው ጥቂት ስለሆነ ከ1 ኪሎ ወደ 440 ግራም ይገኛል። አንድ ኪሎ ማንጎዎ ገና 280 ግራም የሚመዝን ከሆነ ላዩ ምንም ቢመስል አልደረቀም።

ላዩ ደርቆ ውስጡ ለምን እርጥብ ቀረ?

ሙቀቱ ገና ሲጀመር በዝቶበታል። ላዩ በፍጥነት ደርቆ ሲጠነክር ውስጥ ያለው ውኃ መውጫ ያጣል። «ቶሎ ይድረቅልኝ» ብሎ 80 ዲግሪ ላይ ማድረግ የሚያመጣው ይህንን ነው፤ ከመዘግየቱ የባሰው ደግሞ ተታልሎ ጠርሙስ ውስጥ መክተቱ ነው። ለማዳን አንድ ሌሊት ንጹሕ ጨርቅ ሸፍነው ያሳድሩት፤ የውስጡ እርጥበት ወደ ላዩ ይመጣል። በማግሥቱ በ55 ዲግሪ ይቀጥሉ።

ከደረቀ በኋላ ወዲያው ጠርሙስ ውስጥ ልዝጋው?

ፍራፍሬ ከሆነ አንድ ደረጃ ይቀራል። ፈጽሞ ካልቀዘቀዘ አይግባ። ከቀዘቀዘ በኋላ የጠርሙሱን ሁለት ሦስተኛ ብቻ ሞልተው ይዝጉ፣ ከ7 እስከ 10 ቀን በየቀኑ ይነቅንቁት። እርጥቡ ቁራጭ ለደረቁ እያካፈለ ሁሉም እኩል ይሆናሉ። በነዚህ ቀናት በጠርሙሱ ግድግዳ ላይ ጤዛ ካዩ ሁሉንም አውጥተው እንደገና ያድርቁ። ሻጋታ ካዩ ግን ጠርሙሱ በሙሉ ይጣል፤ የሻገተውን ለቅሞ ቀሪውን መብላት አይገባም።

ዛላ በርበሬ ለምን ውስጡ ይሻግታል? ቢታመስ አይጠፋም?

ይህ ከሁሉም በላይ ጥንቃቄ የሚጠይቅ ነው፣ በየቀኑ ከወጣችን ጋር የምንበላው ስለሆነ። የበርበሬ ቆዳ ሰም መሰል ሽፋን አለው፤ ውስጡም ባዶ ነው። ላዩ ኮሽ እያለ እንኳ ፍሬው የተጣበቀበት ነጩ ክፍል እርጥብ ሊሆን ይችላል። እዚያ ላይ የሚበቅሉ አንዳንድ ሻጋታዎች አፍላቶክሲን የተባለውን መርዝ ያመነጫሉ። መርዙ ለረጅም ጊዜ ሲወሰድ ጉበትን ይጎዳል፣ የጉበት ካንሰርም ያመጣል። ሻጋታው በሙቀት ይሞታል፤ መርዙ ግን በቤት ውስጥ በማመስም ሆነ በማብሰል አይጠፋም። ወፍጮ ቤት ከገባ በኋላማ የሚለይበት መንገድ የለም።

ስለዚህ ከመግዛትዎ በፊት ከጆንያው አናትም፣ ከመሐሉም፣ ከሥሩም ዛላዎች አውጥተው ይክፈቱ። ውስጡ ግራጫ፣ ጥቁር ወይም ነጭ ብናኝ ካለው ያን በርበሬ ይተዉት። ጫፉ ሲጨበጥ ለስላሳና ቀዝቃዛ ከሆነ ክብደት እንዲጨምር ወይም እንዳይሰባበር ውኃ ተረጭቶበት ሊሆን ይችላል፤ ገዝተው ከሆነም የዚያኑ ቀን ያስጡት። ጥሩ የደረቀ ዛላ ሲነቀነቅ ፍሬው ይንኮሻኮሻል፣ ሲታጠፍም ይሰበራል።

ሲያሰጡ በአንድ ዛላ ውፍረት ይዘርጉ፣ በቀን ሁለት ሦስት ጊዜ ያገላብጡ። እንደ አየሩ ከ1 እስከ 2 ሳምንት ይወስዳል። ከተቀነጠሰ በኋላ ነጭ ሽንኩርትና ዝንጅብል ተወቅጦ ሲቀላቀልበት በርበሬው እንደገና ይርሳል፤ ይህ ሁለተኛው ስጥ እንደ መጀመሪያው ሊከበር ይገባዋል። በደመናማ ቀን አይቀላቀል።

ጎመንና ሺፈራው በፀሐይ ይሰጣሉ?

በጥላ ይሻላል። ቀጥተኛ ፀሐይ አረንጓዴውን ቀለም ያነጣዋል፣ ወደ ቫይታሚን ኤ የሚለወጠውንም ንጥረ ነገር ያጠፋዋል። ነፋስ በሚያገኝ በረንዳ ወይም ክፍል ውስጥ በስሱ ይዘርጉ። ሺፈራው ያለ ፍላት በ2 ወይም 3 ቀን ይደርቃል። ጎመን ወፍራም አጥንቱ ወጥቶ፣ በፈላ ውኃ ተነክሮ፣ በሚገባ ተጠንፍፎ ይዘረጋል። በሶብላ፣ ኮሰረትና ጦስኝ ሳይነከሩ፣ ከ35 እስከ 40 ዲግሪ ባልበለጠ ሙቀት ወይም በጥላ ብቻ፤ ሽታቸው የሚመጣበት ዘይት በሙቀት ይተናል። ቫይታሚን ሲ በማንኛውም ማድረቂያ በብዛት ይጠፋል፤ አሰሩ፣ ማዕድኑና ኃይል ሰጪነቱ ግን ይቀራል።

የደረቀ ቲማቲምን በዘይት ማቆየት ይቻላል?

በፍሪጅ ብቻ። ዘይት አየር ስለሚከለክል ቦቱሊዝም የተባለውን ገዳይ መመረዝ ለሚያመጣው ባክቴሪያ ምቹ ነው፤ በተለይ ትኩስ ወይም በደንብ ያልደረቀ ነጭ ሽንኩርት አብሮ ከገባ። ሽታውም ሆነ መልኩ ላያስጠነቅቅ ይችላል። ቲማቲሙን ደረቁን አስቀምጠው ለሳምንቱ የሚበቃውን ብቻ በዘይት ያድርጉ። ትኩስ ነጭ ሽንኩርት ያለበት ዘይት ከ4 ቀን በላይ አይቆይ።

ነቀዝ እንዳይገባበትስ?

ውጭ የተሰጣ ነገር የነፍሳት እንቁላል ሊኖርበት ይችላል። አየር በማያስገባ ከረጢት አድርገው በፍሪዘር፣ በ18 ዲግሪ ከዜሮ በታች፣ 48 ሰዓት ያቆዩት። ፍሪዘር ከሌለ በትሪ በስሱ ዘርግተው በ70 ዲግሪ ኦቭን 30 ደቂቃ። ከፍሪዘር ሲወጣ ሳይከፈት ይቅለጥ፤ ብርዱ ሳይለቀው ከተከፈተ ጤዛ ይጠጣል።

ስንት ጊዜ ይቆያል?

ፍራፍሬ 15 ዲግሪ አካባቢ በሆነ ቦታ እስከ 1 ዓመት፣ 27 ዲግሪ በሆነ ቤት 6 ወር ያህል። አትክልት የዚህን ግማሽ። ክዳኑ ጥብቅ የሆነ ጠርሙስ፣ ጨለማ ቁም ሣጥን፣ ከምድጃ ራቅ ያለ። ተራ ፌስታል እርጥበት ያሳልፋል። በተከፈተ ቁጥር አየር ስለሚገባ ከአንድ ትልቅ ይልቅ ብዙ ትንንሽ ጠርሙስ ይምረጡ፣ ቀኑንም ይጻፉበት። ቲማቲምና ሽንኩርት ተፈጭተው ሲቆዩ ይጠጥራሉ፤ ቁራጩን አስቀምጠው የወሩን ብቻ ይፍጩ።

ባይደርቁ የሚሻሉ አሉ?

አቮካዶ ቅባቱ ይበላሻል። ሰላጣና ኪያር ከደረቁ በኋላ የሚጠቅሙበት ነገር የለም። ክር የሚበዛበት ማንጎም ሲደርቅ ጥርስ ውስጥ ብቻ ይቀራል፤ ሥጋው ጽኑ የሆነ፣ የበሰለ ግን ያልላላ ማንጎ ይፈልጉ። ከመጠን በላይ የበሰለውን ፈጭተው፣ ዘይት በተቀባ ላስቲክ ላይ በ4 ሚሊ ሜትር ውፍረት አፍስሰው በ60 ዲግሪ ቢያደርቁት የሚጠቀለል ጣፋጭ ይሆናል።

ለልጆችና ለስኳር ሕመምተኛ ይሆናል?

200 ግራም የደረቀ ማንጎ የ1 ኪሎ ሥጋ ስኳር ይዟል። ለስኳር ሕመምተኛ በእጅ ጭብጥ ሳይሆን በሚዛን፣ ከሐኪም ጋር ተመካክሮ። ጥርስ ላይ ስለሚጣበቅ ልጆች ከበሉ በኋላ ውኃ ይጠጡ፤ ከ4 ዓመት በታች ላሉት ማነቅ ስለሚችል ተዘፍዝፎ ለስልሶ፣ በደቃቁ ተከትፎ ይሰጥ።

በወጥ ውስጥ እንዴት ይገባል? ለቁሌት ይሆናል?

1 ብርጭቆ የደረቀ አትክልት በ1 ተኩል ወይም 2 ብርጭቆ የፈላ ውኃ ግማሽ ሰዓት ይዘፍዘፍ። ጨው ውኃ መጠጣቱን ስለሚያዘገይ በኋላ ይግባ። መዘፍዘፊያው ጣዕሙን ስለያዘ አይደፋ፣ ወጡ ውስጥ ይጨመር። ጎመንና ሺፈራው ሳይዘፈዘፉ ይገባሉ። ለጾም ሽሮ 1 የሾርባ ማንኪያ የቲማቲም ዱቄት በ2 ማንኪያ ውኃ ተበጥብጦ ከሽሮው በፊት ይቁላላ።

የደረቀ ሽንኩርት ለቁሌት የትኩሱን ያህል አይሆንም። ትኩሱ ሽንኩርት በራሱ ውኃ ቀስ እያለ ነው የሚበስለው፤ ደረቁ ግን በዘይት ላይ በሰከንዶች ያርና ወጡን ያመርረዋል። የግድ ከሆነ 30 ደቂቃ ዘፍዝፈው፣ ከነውኃው ድስት ውስጥ ጨምረው፣ ውኃው ሲያልቅ ዘይቱን ያስከትሉ። ለዶሮ ወጥ ግን ትኩስ ሽንኩርት ይግዙ፤ የደረቀው ለምስር፣ ለሾርባና ለሽሮ ይቀመጥ።